«ግልጽ ምስጠራ» ይባላልን? ስለ ኢሜይል ሰርቨር መስመሮች ምስጠራ የቀረቡ ስያሜዎች

ለእርማት ከቀረቡልን የትርጉም ረቂቆች አንዱ፣ የኢሜይል ሰርቨር የሚተክሉ ባለሙያዎች የሚመሩበት መጽሐፍ ነበር። ረቂቁ በሰዋስው ረገድ ብዙም የሚነቀፍ አልነበረም፤ ዐረፍተ ነገሮቹ የተስተካከሉ፣ የተርጓሚውም አማርኛ የጠራ ነበር። ይሁን እንጂ ስያሜዎቹን በወረቀት ላይ ብቻ ከመመዘን በተግባር ማየቱ ይሻላል በማለት፣ ስለ ምስጠራ የሚናገረውን ምዕራፍ ለሁለት ጀማሪ ባለሙያዎች ሰጥተን በመሞከሪያ ሰርቨር ላይ እንዲሠሩበት አደረግን። አንደኛው ሥራውን ፈጽሞ ሲያሳየን፣ ከሰው ሁሉ ተሰውሮ ሊቀመጥ የሚገባውን ቁልፍ ከማመልከቻው ጋር አያይዞ ወደ ውጭ ልኮት አገኘነው። ለምን እንዲህ እንዳደረገ ብንጠይቀው ጣቱን በረቂቁ ላይ አሳርፎ «ቁልፉን ለባለሥልጣኑ ላክ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አሳየን።

ጥፋቱ የእርሱ አልነበረም። እንግሊዝኛው መጽሐፍ በዚያ ቦታ ላይ የሚላከው ቁልፍ የትኛው እንደሆነ በቅጽል ለይቶ ይናገራል። ተርጓሚው ቅጽሉን በመጀመሪያ «የሕዝብ» ብሎት ነበር፤ ሆኖም «የሕዝብ ቁልፍ» ለጆሮው እንግዳ ሆነበትና ከዐውዱ ይታወቃል ብሎ ተወው። ከዐውዱ ግን አልታወቀም። «ባለሥልጣን» የሚለውም ቃል የራሱን ድርሻ አክሏል፤ ባለሥልጣን አምጣ ያለውን ነገር ማን ይከለክለዋል?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የኢሜይል ሰርቨር አተካከል ማስተማር አይደለም። ነገር ግን የአንድን ነገር ስም የነገሩን አሠራር ሳያውቁ መመዘን ስለማይቻል፣ የቋንቋ ባለሙያና ተርጓሚ የሆኑ አንባቢዎቻችን ለጥቂት ጊዜ ከእኛ ጋር ወደ ማሽኑ ክፍል እንዲገቡ እንለምናለን። ለሰርቨሩ በትእዛዝ መልክ የሚሰጡት ቃላት በሥራው ላይ በላቲን ፊደል እንዳሉ ይቀራሉ፤ እኛ እዚህ የምንጽፈው ድምፃቸውን ብቻ ነው። ዓመታቱም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ኢሜይል ከላኪው ወደ ተቀባዩ በአንድ ጉዞ አይደርስም። ላኪው የጻፈውን በመጀመሪያ ለራሱ ሰርቨር ያስረክባል፤ ይህ ሰርቨር የተቀባዩን ሰርቨር ፈልጎ ያስተላልፍለታል፤ ተቀባዩም በበኩሉ በኮምፒዩተሩ ወይም በስልኩ አማካይነት ከራሱ ሰርቨር ይወስዳል። መንገዱ ሦስት ክፍል አለው ማለት ነው። ሰርቨሮቹ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት ደንብ፣ ኤስኤምቲፒ የሚባለው፣ በጆን ፖስቴል ተዘጋጅቶ በ1982 ሲወጣ ንግግሩ ሁሉ በግልጽ ጽሑፍ የሚካሄድ ነበር። በመንገዱ መጋጠሚያ ላይ የተቀመጠ ማንኛውም ሰው መልእክቱን እንደ ፖስት ካርድ ማንበብ ይችል ነበር። (እግረ መንገዳችንን ለመናገር፣ «የፖስታ ሰርቨር» የሚለውን ስያሜ ያልመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ፖስታ በአማርኛ አገልግሎቱም፣ ደብዳቤው የሚከተትበት ወረቀትም ነው። በኤስኤምቲፒ ንግግር ውስጥ ደግሞ የላኪውና የተቀባዩ አድራሻ ለማድረሻ የሚያዝበት፣ ስሙም ከደብዳቤ መክተቻው የተወሰደ ራሱን የቻለ ክፍል አለ። ፖስታ የሚለው ቃል ለዚያ ቢቆይ ይሻላል።)

ይህን ክፍተት የሚዘጋው ዛሬ ቲኤልኤስ የሚባለው ደንብ ነው። አባቱ ኤስኤስኤል በኔትስኬፕ ኩባንያ ተሠርቶ ሁለተኛው እትሙ በ1995፣ ሦስተኛው በ1996 ወጣ። በ1999 ደንቡ በአዲስ ስም ቲኤልኤስ 1.0 ተብሎ ታወጀ፤ 1.3 የተባለው እትም የወጣው በ2018 ነው። የኤስኤስኤል ሦስተኛ እትም በ2015፣ ቲኤልኤስ 1.0 እና 1.1 ደግሞ በ2021 እንዳይሠራባቸው ተወስኗል። አባትየው ከሞተ በኋላ ግን ስሙ ከባለሙያዎች አፍ አልጠፋም፤ ዛሬም «ኤስኤስኤል» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ ቲኤልኤስን ማለታቸው ነው። ተርጓሚው በሐተታው ውስጥ ቲኤልኤስ ይበል፤ የአንድ መምረጫ ወይም የአንድ ፋይል ስም ሆኖ ሲያገኘው ግን ኤስኤስኤልን እንዳለ ይተወው እንላለን።

ቲኤልኤስ የሚሠራው ሥራ አንድ አይደለም፤ የስያሜው ችግር የሚጀምረውም ከዚህ ነው። በመጀመሪያ በመስመሩ ላይ የሚያልፈውን ቃል ከአድማጭ ይሰውራል። ሁለተኛ፣ ቃሉ በመንገድ ላይ ቢለወጥ መለወጡን ያስታውቃል። ሦስተኛ፣ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰርቨር እኔ እገሌ ነኝ ያለው እውነት መሆኑ እንዲመረመር ያስችላል። ያየነው ረቂቅ እነዚህን ሁሉ «ደህንነቱ የተጠበቀ ግንኙነት» በሚል አንድ ሐረግ ጠቅልሏቸዋል። ሐረጉ ለማስታወቂያ ያገለግል ይሆናል፤ ለመመሪያ ግን አይሆንም። መሰወርና ማንነትን ማረጋገጥ የተለያዩ ነገሮች ስለመሆናቸው የራሳችን ታሪክ ጥሩ ምሳሌ አለው። በነገሥታቱ ደብዳቤ ራስጌ ላይ የሚያርፈው ማኅተም ቃሉ የማን እንደሆነ ይናገራል እንጂ ቃሉን ከማንም ዓይን አይሰውርም፤ በአንጻሩም ማኅተም የሌለው ሰው በምስጢር የሹክሹክታ ወሬ ሊልክ ይችላል። ሰርቨርም እንዲሁ ነው። ማንነቱን ሳያረጋግጡ መስመሩን መመስጠር ይቻላል፤ እንዲህ ከሆነ ግን ከሌባው ጋር በምስጢር መነጋገር ሊመጣ ነው።

ከዚህም ጋር፣ የሚመሰጠረው መንገዱ እንጂ ደብዳቤው አለመሆኑን አጥብቀን መናገር እንወዳለን። ከሦስቱ የመንገድ ክፍሎች እያንዳንዱ ለብቻው ይመሰጠራል፤ መልእክቱ በየሰርቨሩ ሲደርስ ምስጠራው ይፈታል፤ ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው ሰው ሊያነበው ይችላል፤ ከዚያም ለሚቀጥለው መንገድ እንደገና ይመሰጠራል፣ ወይም ሳይመሰጠር ይሄዳል። ደብዳቤውን ራሱን ከላኪው እጅ እስከ ተቀባዩ እጅ ሰውሮ የሚያደርስ ሌላ ዘዴ አለ፤ ፊል ዚመርማን በ1991 ያወጣው ፒጂፒ የሚታወቅበት ይህ ነው። ስለዚህ ስለ ሰርቨር አተካከል በሚናገር መጽሐፍ ውስጥ «የተመሰጠረ ኢሜይል» ማለት ለአንባቢው የሌለውን ነገር እንዳለው መንገር ነው። ለመጀመሪያው «የመስመር ምስጠራ»፣ ለሁለተኛው «የመልእክት ምስጠራ» ወይም «ከላኪ እስከ ተቀባይ የሚዘልቅ ምስጠራ» የሚሉትን አቅርበናል።

አሁን ወደ ግሱ እንምጣ። በጥንቱ አጻጻፍ «ምሥጢር» በንጉሡ ሠ የሚጻፍ መሆኑ ይታወቃል፤ እኛ ለአንድነት ስንል በዚህ ጽሑፍ በእሳቱ ሰ ጽፈናል። ስሙ ከግሪክ በግእዝ በኩል የመጣ እንግዳ ሲሆን፣ በአማርኛ ግን ግስ እስኪወጣለት ድረስ ቤተኛ ሆኗል። የኮምፒዩተር ጽሑፎች በብዛት የሚጠቀሙበት «አመሰጠረ»፣ «ማመስጠር» የሚለውን መልክ ነው። በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ አለን። በቤተ ክህነት ትምህርት «አመሰጠረ» ሲባል የቃሉን ምስጢር ገለጠ፣ አራቀቀ፣ ተረጐመ ማለት ነው፤ መምህሩ ሲያመሰጥር የተሰወረው ይወጣል። የኮምፒዩተሩ ሰው ሲያመሰጥር ግን የተገለጠው ይሰወራል። አንድ ግስ በአንድ ቋንቋ ውስጥ ነገሩንና ተቃራኒውን ሲናገር ማየት ለመዝገበ ቃላት ሠራተኛ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ ለተርጓሚ ግን አይደለም።

ያቀረብነው መፍትሔ ቀላል ነው፤ መነሻውን «አ» ማስቀረት። «መሰጠረ» እንደ «መሰከረ» ይረባል፤ መሰከረ፣ ይመሰክራል፣ መመስከር፣ መስካሪ፣ ምስክር እንደሚባለው ሁሉ መሰጠረ፣ ይመሰጥራል፣ መመስጠር፣ መስጣሪ፣ ምስጥር ይሆናል። ድርጊቱ «ምስጠራ»፣ ከድርጊቱ የሚወጣው የማይነበብ ጽሑፍ «ምስጥር ጽሑፍ»፣ የሒሳቡ ስልት «የመመስጠሪያ ስልት» ይባላል። ተደራጊው «የተመሰጠረ» ከሁለቱም መልኮች የሚወጣ ስለሆነ፣ በሕዝቡ ዘንድ የተለመደው አይናድም። ምስጥሩን ወደ ንባብ ለመመለስ «መፍታት» በቂ ነው፤ ሕልምም እንቆቅልሽም የሚፈታው በዚሁ ግስ ነው።

ስለ ቅኔም አንድ ቃል ሳንናገር አናልፍም፤ ምክንያቱም ከመካከላችን ምስጠራን በሰምና ወርቅ አምሳል ለመሰየም የፈለጉ ነበሩ። ሐሳቡ ማራኪ ነው፤ ግን አይገጥምም። የቅኔ ሰም ራሱ ትርጉም ያለው ንግግር ነው፤ ወርቁን ያላገኘው ሰሚ እንኳ አንድ ነገር ሰምቶ ይሄዳል። ምስጥር ጽሑፍ ግን ሰም የለውም፤ ለማያውቀው ሰው ዝባዝንኬ ነው። የወፍ ቋንቋም የተሻለ አምሳል አይሆንም፤ ዘዴውን ያወቀ ሁሉ ይሰማዋልና። የዛሬው ምስጠራ ዘዴውን ለዓለም ሁሉ ዘርግቶ ያሳያል፤ የሚሰውረው ቁልፉን ብቻ ነው።

ቁልፉ! ከሁሉ ይልቅ ያከራከረን ይህ ቃል ነው። «ቁልፍ» በአማርኛ በሩ የሚዘጋበትም፣ የሚከፈትበትም፣ በሸሚዝ ደረት ላይ የሚደረደረውም ነው። በኮምፒዩተር መጻፊያ ሰሌዳ ላይ በጣት የሚነካውም ቁልፍ ነው። ስለዚህ በአንድ ገጽ ላይ «ቁልፉን ይጫኑ» እና «ቁልፉን ያስቀምጡ» የሚሉ ትእዛዞች ተከታትለው ቢመጡ፣ አንባቢው ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሚነገረው የሚያውቅበት ምልክት የለውም።

በዚህ ዓይነቱ ምስጠራ ሁለት ቁልፎች በአንድነት ይወለዳሉ። አንደኛው ለማንም የሚታይ ነው፤ ሁለተኛው ከባለቤቱ ሰርቨር አይወጣም። በመጀመሪያው የተመሰጠረ በሁለተኛው ብቻ ይፈታል። ይህን የሰማ አማርኛ ተናጋሪ ወዲያውኑ ወደ ቤቱ ዕቃ መሄዱ አይቀርም፤ የሚዘጋው «መቆለፊያ»፣ የሚከፍተው «መክፈቻ» ይባላልና፣ እንግሊዝኛው በአንድ ቃል የደባለቀውን የእኛ ቋንቋ በሁለት ቃል ለይቶ ሊናገር ነው። አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ በዚህ ደስታ ቆየን። ያፈረሰብን የዲጂታል ፊርማ ነው። በፊርማ ጊዜ ሥራው ይገለበጣል፤ ባለቤቱ በተሰወረው ቁልፍ ይፈርማል፣ ሌላው ሰው በሚታየው ቁልፍ ፊርማውን ይመረምራል፤ የሚቆለፍም የሚከፈትም ነገር የለም። ይባስ ብሎም በቲኤልኤስ 1.3 ሰርቨሩ የሁለቱን ቁልፎች ጥንድ የሚጠቀምበት ለፊርማ ብቻ ነው። መስመሩ የሚመሰጠርበትን ቁልፍ ሁለቱ ወገኖች ለዚያው ንግግር ብቻ አዲስ አድርገው ያበጃሉ፤ ዘዴውም ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን በ1976 ካሳወቁት የመነጨ ነው። እንግዲህ «መክፈቻ» ምንም የማይከፍትበት ጊዜ ከመጣ ስሙ ውሸት ይሆናል። እያዘንን ተውነው።

የቀሩት ቅጽሎቹ ናቸው። «የሕዝብ ቁልፍ» የሕዝብ ንብረት፣ እንደ ሕዝብ መናፈሻ ያለ ይመስላል፤ ቁልፉ ግን ባለቤት አለው፣ የተገለጠ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። «ይፋ ቁልፍ» ብለነዋል። «የግል ቁልፍ» የሚለው ደግሞ ባለቤትነትን እንጂ መሰወርን አያዝም፤ የግል መኪና በአደባባይ ይነዳል፣ የግል ትምህርት ቤትም በሩ ክፍት ነው። «ምስጢር ቁልፍ» ይባል። እዚህ ላይ በመስኩ የበሰሉ ሰዎች አንድ ተገቢ ተቃውሞ ያነሣሉ፤ በእንግሊዝኛ ምስጢር የሚል ቅጽል ሁለቱ ወገኖች በጋራ ለሚይዙት ቁልፍ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ያንን «የጋራ ቁልፍ» ስላልነው ግጭቱ ተወግዷል፤ ስሙም ከባሕርዩ ጋር ይበልጥ ይስማማል። ከስያሜው ይልቅ አጥብቀን የምንይዘው ግን ይህን ደንብ ነው፤ በምስጠራ ምዕራፍ ውስጥ «ቁልፍ» የሚለው ቃል ያለ ቅጽል አይጻፍ። መደጋገሙ ጆሮ ቢያሰለችም ይደገም። ቅጽሉ የተጣለበትን አንድ ቦታ ውጤት ከላይ አይተናል።

ይፋ ቁልፉ የማን እንደሆነ የሚናገረው ሰነድ «የምስክር ወረቀት» ነው። ይህ ስም የተለመደ ስለሆነ አልነካነውም፤ ነገር ግን ሁለት የተሳሳቱ ግምቶችን ይዞ ስለሚመጣ ተርጓሚው ይጠንቀቅ። ከትምህርት ቤት የተገኘ የምስክር ወረቀት ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ የሰርቨሩ ግን ቀን የተቈረጠለት ነው። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ሰጪ ሥራውን በ2015 ሲጀምር የወሰነው ዕድሜ 90 ቀን ነበር። ስለዚህ «ማሳደስ» በመመሪያው ውስጥ የዘወትር ሥራ እንጂ በመጨረሻ የሚጠቀስ ነገር መሆን የለበትም። ሁለተኛ፣ የትምህርቱ ወረቀት በሣጥን ይቀመጣል፤ የሰርቨሩ ለመጣው ሁሉ ይታያል። በማረሚያው ረቂቅ በአንድ ቦታ ላይ የጸሐፊው ጣት ስቶ «የምስጢር ወረቀት» የሚል ተጽፎ ነበር። «መሰከረ» እና «መሰጠረ» እንዲህ መቀራረባቸው ለግስ እርባታ የበጀንን ያህል ለስሕተት የተጋለጠ ነው፤ አራሚዎች ዓይናቸውን ይክፈቱ።

ወረቀቱን የሚሰጠውን ክፍል «ባለሥልጣን» ማለት አይገባም። ሥልጣኑ ከመንግሥት የተሰጠ አይደለም፤ ኩባንያም ማኅበርም ሊሆን ይችላል። «ዋስ» የሚለውም ቀርቦ ነበር፤ ዋስ ግን ሰውየው ቢጠፋ የሚጠየቅ ነው፣ ይህኛው እንዲህ ያለ ዕዳ አይገባም። ለነገሩ በጣም የሚቀርበው «እማኝ» ነው፤ ውል ሲፈረም በቦታው የነበረና ይህ ስም የዚህ ሰው ነው ብሎ ፊርማውን የሚያኖር። አብዛኞቻችን «የምስክር ወረቀት ሰጪ» የሚለውን ግልጽ ሐረግ ብንመርጥም፣ የእማኝ ደጋፊዎች ሐሳባቸው እንዲመዘገብ ጠይቀዋልና እነሆ መዝግበናል። ራሱ ጽፎ ራሱ የፈረመውን ወረቀት «ለራሱ የመሰከረ» ብለን ስንጠራው ሁለቱም ወገኖች ያለ ክርክር ተስማምተዋል። ወረቀቱ ከቀኑ በፊት ዋጋ እንዲያጣ ሲደረግ «ተሻረ» ይባላል እንጂ «ተሰረዘ» አይባልም፤ የተሻረው ሰነድ አለ፣ የሚያምነው ግን የለም።

ርእሳችን ወደ ሆነው ነገር ደርሰናል። መስመር በሁለት መንገድ ሊመሰጠር ይችላል። በአንደኛው ሁለቱ ወገኖች መስመሩ እንደ ተከፈተ፣ ምንም ቃል ሳይለዋወጡ፣ ምስጠራውን ይጀምራሉ። በሁለተኛው በግልጽ ጽሑፍ ሰላምታ ይሰጣጣሉ፤ ሰርቨሩ መመስጠር እንደሚችል ያስታውቃል፤ ደንበኛው «ስታርትቲኤልኤስ» የሚል ትእዛዝ ይልካል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ይመሰጠራል። ይህ ሁለተኛው አሠራር ለኤስኤምቲፒ በ1999 ተደነገገ፤ በ2002 ተሻሻለ። እንግሊዝኛው የመጀመሪያውን በውስጠ ታዋቂነት ያለ፣ ሁለተኛውን በግልጽ የተነገረ በሚሉ ቅጽሎች ይለያቸዋል። የመዝገበ ቃላት ትርጉማቸውን የተከተለ ተርጓሚ «ስውር ምስጠራ» እና «ግልጽ ምስጠራ» ይላል፤ ያየነውም ረቂቅ እንዲሁ ብሏል።

ውጤቱን አንባቢው ይፍረድ። ምስጠራ ማለት ግልጹን ስውር ማድረግ ከሆነ «ስውር ምስጠራ» ውኃን እርጥብ እንደ ማለት ነው፤ «ግልጽ ምስጠራ» ደግሞ ጭራሽ እርስ በርሱ ይጣላል። ያልተመሰጠረውን ጽሑፍ ራሱን «ግልጽ ጽሑፍ» ብለነዋልና፣ ጀማሪው ባለሙያ «ግልጽ ምስጠራ» የሚል መምረጫ ቢያይ ያልተመሰጠረ መስመር ነው ብሎ ቢሸሸው ማን ይነቅፈዋል? ቃላቱ በእንግሊዝኛ የሚናገሩት ስለ ንግግሩ ሥርዐት ነው፤ በአማርኛ ግን ስለ ጽሑፉ መታየትና አለመታየት የሚናገሩ ሆነው ቁጭ አሉ። እኛ የጊዜውን ቅደም ተከተል ተከትለን «ከጅምር ምስጠራ» እና «በጥያቄ ምስጠራ» ብለናል። ቅጽሎቹ ጠፉ፤ ነገሩ ግን ተገኘ።

ይህ ልዩነት በበር ቁጥሮች ላይም ይታያል። («ወደብ» የሚለውን ለባሕር ትተን «በር» ያልነው፣ ገቢና ወጪ የሚለዩበት የቁጥር በር መሆኑ ለማንም ስለሚገባ ነው።) ሰርቨር ለሰርቨር የሚነጋገሩት በ25ኛው በር ነው፤ እዚያ ያለው በጥያቄ ምስጠራ ነው። ደንበኛው መልእክቱን ለሰርቨሩ የሚያስረክብበት 587ኛው በር እንዲሁ በጥያቄ ሲሆን፣ 465ኛው ከጅምር የተመሰጠረ ነው። መልእክት የሚወሰድባቸው 993 እና 995 ከጅምር ናቸው። የ465 ታሪክ ለተርጓሚ ወጥመድ አለበት። በ1997 ለዚህ አገልግሎት ተመድቦ ብዙም ሳይቆይ ተነሣ፤ በ2018 ግን የወጣው ምክር ከጅምር ምስጠራን ለደንበኞች መስመር አስቀድሞ በመምረጡ ወደ ቦታው ተመለሰ። በመካከሉ በነበሩት ዓመታት የተጻፉ መመሪያዎች 465ን ጊዜ ያለፈበት ይሉታል፤ እነርሱን የሚተረጕም ሰው በዛሬ ዓይን ማረም ይኖርበታል።

በጥያቄ ምስጠራ አንድ ድካም አለበት። ሰርቨሩ መመስጠር እንደሚችል የሚያስታውቀው በግልጽ ጽሑፍ ስለሆነ፣ በመካከል የገባ ሰው ያቺን አንዲት መስመር ቢያጠፋት ደንበኛው እንደማይቻል ቆጥሮ በግልጽ ሊቀጥል ይችላል። (በዝምታ የሚሰማውን «አድማጭ»፣ እንዲህ እጁን የሚያስገባውን «ጣልቃ ገብ» ብለን ለይተናል።) ይህ የሚሆነው ግን ሰርቨሩ ወይም ደንበኛው ምን እንዲያደርግ ታዝዞ እንደሆነ ነው? ጥያቄው የግስ ስልት ጥያቄ ይሆናል። ፖስትፊክስ በተባለው የታወቀ የኢሜይል ሰርቨር ወደ ውጭ ለሚላኩ መልእክቶች ከሚሰጡት ደረጃዎች አንዱ «ሜይ» ይባላል። ረቂቁ «ይችላል» ብሎ ተርጕሞታል። ማን ነው የሚችለው? ምንስ ነው የተፈቀደው? የነገሩ ፍች «ወዲያኛው ወገን ከቻለ ይመስጠር፤ ካልቻለም መልእክቱ ሳይመሰጠር ይሂድ» ማለት ነው። ቀጥሎ ያለው «ኢንክሪፕት» የተባለው ደረጃ «ሳይመሰጠር አይሂድ» ይላል፤ የወዲያኛውን ማንነት ግን አይመረምርም። «ቬሪፋይ» የሚባለው ነው ወረቀቱን የሚመረምር። ለእነዚህ «ቢቻል ምስጠራ»፣ «ግዴታ ምስጠራ»፣ «የተረጋገጠ ግዴታ ምስጠራ» የሚሉትን አቅርበናል። «አረጋገጠ» የሚለው ግስ በዚህ መስክ ማንነትን ለመመርመር ብቻ ይዋል፤ «ምስጠራውን ያረጋግጡ» ማለት ይቅር፣ «መመስጠሩን ይዩ» ይባል።

«ቢቻል ምስጠራ» በእንግሊዝኛ የሚጠራበት ቅጽል በፖለቲካ ቋንቋችን «አድርባይ» ተብሎ የተተረጐመው ቃል ዘመድ ነው። መዝገበ ቃላቱን ብቻ ያመነ ሰው «አድርባይ ምስጠራ» ላይ ሊደርስ ይችላል፤ እንዳይደርስ ከወዲሁ እናሳስባለን። ይህ ደረጃ የተናቀ እንዳይመስልም ምክንያቱን እንናገር። የ2002ቱ ደንብ ለሕዝብ የተከፈተ ሰርቨር በ25ኛው በር ለራሱ ሰዎች የሚመጣውን መልእክት ለመቀበል ምስጠራን ግዴታ እንዳያደርግ ይከለክላል፤ የማይመሰጥሩ ሰርቨሮች መልእክት ተመልሶ እንዳይቀር ነው። በ2015 ዴን፣ በ2018 ኤምቲኤ-ኤስቲኤስ የተባሉት ደንቦች ተቀባዩ ወገን «ወደ እኔ ሲላክ ይመስጠር፣ ወረቀቴም ይመርመር» ብሎ አስቀድሞ የሚያውጅበትን መንገድ ከፈቱ። የራስ ሰዎች የይለፍ ቃላቸውን ይዘው በሚመጡበት በር ግን ያለ ግዴታ ምስጠራ መሥራት የይለፍ ቃሉን በአደባባይ መጥራት ነው፤ በዚህ ቦታ «ይችላል» ብሎ የተረጐመ ሰው የሌሎችን ሰዎች ቁልፍ በእጁ እንደያዘ ይቆጠር።

ጥቂት ነገር ስለ «መጨባበጥ»። ሁለቱ ወገኖች የመመስጠሪያ ስልት መርጠው፣ ወረቀቱን ተያይተው፣ የጋራ ቁልፉን የሚያበጁበት የመጀመሪያ ምልልስ በእንግሊዝኛ የእጅ ሰላምታ ስም ተሰጥቶታል። በእኛ ዘንድ መጨባበጥ ወይ ሰላምታ ነው፣ ወይ ያለቀ ነገር ማሰሪያ። እዚህ ግን ነገሩ ገና እየተጀመረ ነው፤ ደንበኛው የሚያውቃቸውን ስልቶች ይዘረዝራል፣ ሰርቨሩ አንዱን ይመርጣል፣ ማንነቱንም ይገልጣል። «ትውውቅ» ብለነዋል።

ያ ጀማሪ ባለሙያ የተሳሳተበት አንቀጽ ከእርማት በኋላ እንዲህ ሆኗል፦ «ሰርቨሩ ይፋ ቁልፍና ምስጢር ቁልፍ በአንድነት ያወጣል። ይፋ ቁልፉን የያዘው ማመልከቻ ለምስክር ወረቀት ሰጪው ይላክ። ምስጢር ቁልፉ ለማንም አይላክ፤ ከሰርቨሩም አይውጣ። የምስክር ወረቀቱ ሲመጣ ከምስጢር ቁልፉ ጋር በሰርቨሩ ላይ ይመዝገብ። ለ465ኛው በር ከጅምር ምስጠራ፣ ለ587ኛው በር ግዴታ የሆነ በጥያቄ ምስጠራ፣ ለ25ኛው በር ቢቻል ምስጠራ ይታዘዝ።» አንቀጹን ለሌሎች ሁለት ጀማሪዎች ሰጥተን ሞክረነዋል። ምስጢር ቁልፉ በቦታው ቀርቷል። አንደኛዋ ግን «ቢቻል» የሚለውን «ከቻሉ ይሥሩት፣ ካልቻሉ ይተዉት» ብላ አንብባው 25ኛውን በር ሳታዝዘው አልፋለች። ለዚህ ገና ቃል አላገኘንለትም፤ የተሻለ ያለው አንባቢ ይጻፍልን።